መሸነፍ ሲያዋጣ፦ የለንደን 2012 የሴቶች ጥንድ ባድሜንተን የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ጁላይ 31 ቀን 2012 ምሽት፣ በለንደን ኦሊምፒክ፣ በዌምብሊ አሬና በተካሄዱ ሁለት የሴቶች ጥንድ የባድሜንተን ጨዋታዎች አራት ጥንዶች ለመሸነፍ ተፎካከሩ። በማግስቱ ስምንቱም ተጫዋቾች ከውድድሩ ተሰረዙ። ወሬው በዓለም ዙሪያ የተናፈሰው እንደ ቅሌት ነው፤ ቅሌትም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ሲመረመር ግን ጉዳዩ ስለ ስምንት ሴቶች ምግባር ከሚነግረን ይልቅ ስለ ውድድር ድልድል የሚነግረን ይበልጣል። ለአሠልጣኞች፣ ለፌዴሬሽን ሰዎችና ውድድር ለሚያዘጋጅ ሁሉ ተጽፎ መቀመጥ አለበት ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የስምንቱን ተጫዋቾች ስም አልጠቅስም። ስማቸው የተሰወረ ሆኖ አይደለም፤ ፈልጎ ለማግኘት ማንም አይቸገርም። ስም ሲጠራ ግን ፍርዱ ወዲያው ወደ ሰው ይዞራል፤ የዚህ ጥናት ዓይን ያለው ደግሞ በአብዛኛው ድልድሉ ላይ ነው። በጉዳዩ ያልተቀጡትንና ሜዳሊያ ያገኙትን ግን በስም እጠራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ፦ ፉክክሩና የአገር ቡድኑ

ባድሜንተን በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ሙሉ የሜዳሊያ ውድድር ሲሆን የመጀመሪያውን የሴቶች ጥንድ ወርቅ የወሰደችው ደቡብ ኮሪያ ናት። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋ። ከ1996 እስከ 2008 የነበሩትን አራት ወርቆች በሙሉ ቻይና ወሰደች። ወደ ለንደን ሲመጣም ጥያቄው ቻይና ታሸንፋለች ወይ ሳይሆን ከሁለቱ የቻይና ጥንዶች የትኛዋ ታሸንፋለች የሚል ነበር።

ሁለቱ ጥንዶች የዓለምን ደረጃ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ይዘዋል። ከኦሊምፒኩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2011፣ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያው ዌምብሊ አሬና ውስጥ ነው። በፍጻሜው የተገናኙትም እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ፤ አንደኛዋ ጥንድ ቲያን ቺንግንና ዣኦ ዩንሌይን 22 ለ 20 እና 21 ለ 11 አሸንፋለች። ያንን ፍጻሜ ለመሸነፍ የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም። የመጀመሪያው ጌም (አብዛኛውን ጊዜ በ21 ነጥብ የሚያልቀው የጨዋታ ክፍል) ከ21 አልፎ የሄደው ሁለቱም ወገኖች ዋንጫውን ስለፈለጉት ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዓመቱ፣ ከእነዚያ አሸናፊዎች የባሰ የሚሸነፍ ጠፋ።

ይህን ለመረዳት ተጫዋቾቹ የሚኖሩበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በቻይና፣ በኮሪያና በኢንዶኔዥያ አንዲት ታዳጊ ተሰጥኦዋ ከታየ ወደ ብሔራዊ ቡድን ካምፕ ትገባለች። ከማን ጋር እንደምትጣመር የሚወስነው አሠልጣኙ ነው፤ መቼ ጥንዷ እንደሚፈርስ፣ በየትኛው ውድድር እንደምትሰለፍም እርሱ ይወስናል። ተጫዋቿ በግሏ ባለ ሙያ ብትሆንም በኦሊምፒክ ወቅት ግን የቡድን ንብረት ናት። ቡድኑ ደግሞ የሚቆጥረው የሜዳሊያ ድምር ነው። ሁለት ጥንዶች ያሏት አገር በግማሽ ፍጻሜ እርስ በርስ ከተገናኙባት አንዱ የፍጻሜ ቦታ በከንቱ ያመልጣታል፤ በፍጻሜ ከተገናኙላት ወርቁም ብሩም ይገባላታል።

ይህ ስሌት በለንደን የተፈጠረ አይደለም። በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ግማሽ ፍጻሜ ሁለት ቻይናውያን ሲገናኙ፣ አንዷ ብዙ እንዳትታገል መነገሯን የቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ራሳቸው በ2008 በአደባባይ ተናግረዋል። የተናገሩት እንደ ጥፋት ሳይሆን ለአገር እንደተሠራ ብልህ ሥራ ነበር። በዚያ ካምፕ ያደጉ ተጫዋቾች በ2012 የጨዋታ መልቀቅን ሐሳብ እንግዳ አድርገው እንዲያዩት መጠበቅ ይከብዳል።

## አዲሱ ድልድል

በ2008 በቤጂንግ የጥንድ ውድድር ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ነበር። አራት ዓመት የተዘጋጀች ጥንድ አንድ ቀን ተጫውታ ሻንጣዋን ታዘጋጅ ነበር። ይህን ለማስተካከል ለለንደን የምድብ ጨዋታ ተጀመረ። አሥራ ስድስት ጥንዶች በአራት ምድብ ተከፈሉ፤ ከየምድቡ ሁለት ወደ ሩብ ፍጻሜ ያልፋሉ። ለእያንዳንዷ ጥንድ ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ተረጋገጠላት። ዓላማው በጎ ነበር፤ ማንም ሊቃወመው የሚችል አይደለም።

እንከኑ ያለው የሩብ ፍጻሜው ካርታ ላይ ነው። የምድብ ሀ አንደኛ ከምድብ ሐ ሁለተኛ፣ የምድብ ሐ አንደኛ ከምድብ ሀ ሁለተኛ እንዲገናኙ ተወስኖ ነበር። በምድብ ለ እና መ መካከልም እንዲሁ። ማን በየትኛው ጎን እንደሚወድቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተለጥፏል። ስለዚህ የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ሲደርስ፣ አስቀድማ ማለፏን ያረጋገጠች ጥንድ የምታሸንፈው ወይም የምትሸነፈው ነጥብ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የወደፊት ተጋጣሚዋንም ትመርጣለች ማለት ነው።

በነጠላ ውድድር ይህ ቀዳዳ አልነበረም። እዚያም ምድብ ነበር፤ ግን ከየምድቡ የምታልፈው አንዲት ብቻ ናት። ሁለተኛ መውጣት መሰናበት ነው። በነጠላ ፍጻሜው ሁለት ቻይናውያን፣ ሊ ሹዌሩይና ዋንግ ይሃን፣ ሦስት ጌም ሙሉ ተናንቀው ሊ ሹዌሩይ 21 ለ 15፣ 21 ለ 23፣ 21 ለ 17 አሸንፋለች። ካምፑ አንድ፣ የቡድን አለቆቹም አንድ ነበሩ። የተለየው የማለፊያው ደንብ ነው። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይህን ንጽጽር ይያዝ።

## ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ነገሩን የለኮሰው አንድ ጤናማ ውጤት ነው። በምድብ መ የዴንማርክ ጥንድ ክሪስቲና ፔደርሰንና ካሚላ ሪተር ዩል የዓለም ሁለተኛዋን ጥንድ፣ ቲያን ቺንግንና ዣኦ ዩንሌይን፣ አሸነፉ። ማንም ያልጠበቀው ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለተኛዋ የቻይና ጥንድ ምድቧን ሁለተኛ ሆና ጨረሰች፤ በካርታው መሠረትም የምድብ ሀ አንደኛ ወደሚገኝበት ጎን ተሻገረች።

በምድብ ሀ የዓለም አንደኛዋ የቻይና ጥንድ እና አንዲት የኮሪያ ጥንድ ሁለቱም ማለፋቸውን አረጋግጠው የቀራቸው የእርስ በርስ ጨዋታ ብቻ ነበር። ቻይናዎቹ ካሸነፉ ምድቡን አንደኛ ሆነው በግማሽ ፍጻሜ የአገራቸውን ልጆች ሊገጥሙ ነው። ከተሸነፉ ግን ወደ ሌላኛው ጎን ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የአገራቸውን ጥንድ የሚያገኙት በፍጻሜ ብቻ ነው። ለኮሪያዎቹም ማሸነፍ ስጦታ አልነበረም፤ ወደ ቲያንና ዣኦ ጎን ይወስዳቸዋል። ሁለት ጥንዶች መረቡን መሀል አድርገው ተፋጠጡ፤ የሚሻለው ግን መሸነፍ ነበር።

ችግሩ በዚህ አላበቃም፤ ወደ ሚቀጥለው ጨዋታ ተዛመተ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያልቅ የዓለም አንደኛዋ ጥንድ የምድብ ሀ ሁለተኛ ሆናለች። የምድብ ሀ ሁለተኛ የምትገጥመው የምድብ ሐ አንደኛን ነው። በምድብ ሐ ደግሞ ሌላዋ የኮሪያ ጥንድ እና የኢንዶኔዥያ ጥንድ ሊጋጠሙ ተራ እየጠበቁ ነበር፤ እነርሱም አስቀድመው አልፈዋል። አሁን ከሁለቱ ያሸነፈችው በሩብ ፍጻሜ የዓለም አንደኛዋን ልትገጥም ነው። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጨዋታዎቹ በተለያየ ሰዓት ስለተደረጉ ለማስላት በቂ ጊዜ ነበራቸው።

## ምሽቱ

በባድሜንተን አጭር ሰርቭ (ቅብብሉን የሚያስጀምረው ምት) ከመረቡ 1.98 ሜትር ርቆ የተሰመረውን መስመር ማለፍ አለበት። በዚህ ደረጃ ያለች ተጫዋች ከልጅነቷ ጀምሮ ስትደጋግመው የኖረችው ምት ነው፤ የላባዋን ኳስ ከመረቡ ጫፍ በጣት ስፋት አሳልፋ መስመሩ ላይ ታሳርፋታለች። በዚያ ምሽት ሰርቮቹ ተራ በተራ መረቡ ላይ ተንጠለጠሉ። ሰርቩ ካለፈም መልሱ ሰፊ ወጥቶ ከሜዳ ውጭ ይወድቃል፤ ወይም ኳሷ ወደ ሰውነቷ ስትመጣ ተጫዋቿ ራኬቷን ዝቅ አድርጋ ታያታለች። በመጀመሪያው ጌም ረጅሙ ቅብብል አራት ምት ነበር። የሴቶች ጥንድ ጨዋታ በረጅም ቅብብል የሚታወቅ ስለሆነ፣ የስፖርቱን ደንብ የማያውቅ ተመልካች እንኳ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተሞላ።

የውድድሩ ዋና ዳኛ ወደ ሜዳ ገብተው አስጠነቀቁ። ጨዋታው ግን በዚያው ቀጠለ፤ ኮሪያዎቹ 21 ለ 14 እና 21 ለ 11 አሸነፉ፤ «አሸነፉ» ከተባለ።

ሁለተኛው ጨዋታ የባሰ ነበር፤ በዚህኛው ሁለቱም ወገኖች ገና ከጅምሩ ምን እንደሚፈልጉ ግልጽ ነበር። ዋና ዳኛው ተመልሰው ገቡ፤ ጥቁር ካርድ አወጡ። በባድሜንተን ጥቁር ካርድ ከውድድር መሰረዝ ነው። የቡድን ሰዎች ተከራከሩ፤ ካርዱ ተነሣ፤ በአግባቡ እንዲጫወቱ ተነግሯቸው ጨዋታው ቀጠለ። ኮሪያዎቹ የመጀመሪያውን ጌም 18 ለ 21 ተሸንፈው ቀጣዮቹን ሁለት 21 ለ 14 እና 21 ለ 12 ወሰዱ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አሠልጣኞች ከሜዳው ጀርባ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ዝርዝር በብዙ ዘገባዎች ላይ ተዘልሏል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእርሱ ነው። በባድሜንተን አንዱ ወገን 11 ነጥብ ሲደርስ የአንድ ደቂቃ፣ በጌሞች መካከል ደግሞ የሁለት ደቂቃ ዕረፍት አለ፤ አሠልጣኙ ቀርቦ ይመክራል። አዳራሹ እየጮኸ፣ ዳኛው እያስጠነቀቀ፣ እነዚያ ደቂቃዎች አለፉ፤ ከዕረፍት በኋላም የተለወጠ ነገር አልታየም። አሠልጣኝ ተጫዋቿ ጨዋታ ስትለቅ አይቶ የሚቆጣ ቢሆን ኖሮ ለመቆጣት ጊዜ ነበረው።

ከጨዋታው በኋላ ከቻይናዊቷ ጥንድ አንዷ ለቀጣዩ የጥሎ ማለፍ ዙር ጉልበት እየቆጠቡ እንደነበር ተናገረች። የኮሪያው ዋና አሠልጣኝ ደግሞ የጀመሩት ቻይናዎቹ ናቸው አሉ። ሁለቱም መልሶች ጥፋቱን ያምናሉ እንጂ አይክዱም።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን አልዘገየም። አራቱን ጥንዶች በተጫዋቾች የሥነ ምግባር ደንብ ሁለት አንቀጾች ከሰሰ፤ አንደኛው ጨዋታን ለማሸነፍ የሚቻለውን ጥረት ሁሉ አለማድረግ፣ ሁለተኛው ስፖርቱን በግልጽ የሚጎዳ ምግባር ማሳየት ነው። ኦገስት 1 የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ስምንቱንም ከኦሊምፒኩ ሰረዛቸው። ኮሪያና ኢንዶኔዥያ ይግባኝ አሉ፤ ኢንዶኔዥያ ይግባኟን ተወች፤ የኮሪያው ውድቅ ተደረገ። የቻይና ልዑክ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዋና አሠልጣኙም እንዲሁ።

ሩብ ፍጻሜው በዚያው ምሽት መደረግ ስለነበረበት ባዶ የቀሩት አራት ቦታዎች ከየምድቡ ሦስተኛና አራተኛ በወጡ ጥንዶች ተሞሉ፤ ከምድብ ሀ ሩሲያና ካናዳ፣ ከምድብ ሐ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ። ካናዳዎቹና ደቡብ አፍሪካዎቹ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ የተሸነፉ ነበሩ። ካናዳዎቹ አሌክስ ብሩስና ሚሼል ሊ አውስትራሊያን አሸንፈው ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ በመጨረሻም አራተኛ ሆኑ። የሩሲያዎቹ ቫሌሪያ ሶሮኪናና ኒና ቪስሎቫ ነሐስ ወሰዱ። በፍጻሜው ቲያን ቺንግና ዣኦ ዩንሌይ የጃፓኖቹን ሚዙኪ ፉጂና ሬይካ ካኪዋ 21 ለ 10 እና 25 ለ 23 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። ዣኦ በዚያው ኦሊምፒክ የድብልቅ ጥንድ ወርቅም አግኝታለች።

ማለትም ቻይና ወርቁን ማግኘቷ አልቀረም። የተሰላው ስሌት የወሰደባት ብሩን ብቻ ነው።

በኮሪያ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ተጫዋቾቹንም አሠልጣኞቹንም አገደ፤ ቅጣቱ በኋላ በይግባኝ ተቀነሰ።

ከሁሉ የዘለቀው እርምጃ የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ፌዴሬሽኑ ለሪዮ 2016 የጥንዶችን ድልድል ለወጠ። የምድብ አንደኞች ቦታቸው አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል፤ ሁለተኛ የወጡት ግን ምድቡ ካለቀ በኋላ አዲስ ዕጣ ይወጣላቸዋል። ሁለተኛ ለመውጣት የምትሸነፍ ጥንድ ከማን ጋር እንደምትገናኝ ስለማታውቅ የምትመርጠው ነገር አይኖራትም።

## የሠራውና ያልሠራው

ቅጣቱ ፈጣንና ጠንካራ መሆኑ ሠርቷል። በአንድ ቀን ውስጥ ከአሥራ ስድስት ጥንዶች አራቱን፣ ከእነርሱም ውስጥ የዓለም አንደኛዋን፣ ማሰናበት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ፌዴሬሽኑ ቢያመነታ ኖሮ በማግስቱ የሚደረገውን ሩብ ፍጻሜ ማንም በቁም ነገር አያየውም ነበር።

በሜዳ ላይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን አልሠራም። ምክንያቱም ዳኛው በእጁ ያለው መሣሪያ ከችግሩ ጋር አይገጥምም ነበር። ቢጫና ቀይ ካርድ የተሠሩት ለሚሳደብ፣ ለሚያዘገይ፣ ራኬት ለሚወረውር ተጫዋች ነው። ቀይ ካርድ ለተጋጣሚ ነጥብ ይሰጣል፤ ለመሸነፍ ለመጣች ተጫዋች ይህ ቅጣት ሳይሆን እርዳታ ነው! የቀረው ጥቁሩ ነበር፤ እርሱም ወጥቶ ተመለሰ። የወጣ ጥቁር ካርድ ሲመለስ ተጫዋቾቹ የሚረዱት ድንበሩ ከታሰበው የራቀ መሆኑን ነው።

የማስረጃው ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ስምንቱ የተያዙት ስለለቀቁ ብቻ ሳይሆን በዓይን በሚታይ መንገድ ስለለቀቁ ነው። በዚያው ውድድር ህንድ በምድብ ለ ጃፓን ለቻይኒዝ ታይፔ (ታይዋን) ሆን ብላ ተሸንፋለች ስትል አቤቱታ አቅርባ ነበር፤ ፌዴሬሽኑ አልተቀበለውም። ጃፓኖቹ ጥፋተኛ ነበሩ አልልም፤ በቂ ማስረጃ አልቀረበባቸውም። ነገር ግን «ሙሉ ጥረት አለማድረግ» የሚል ደንብ ሊይዝ የሚችለው ማስመሰል የማይችልን ብቻ ነው። ሦስት ነጥብ በመስመር ዳር አሳልፋ፣ ሁለት ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኃይለኛ ምት) መረብ ላይ መትታ፣ በጥሩ ፉክክር 19 ለ 21 የምትሸነፍ ጥንድን የሚይዝ ደንብ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

የቅጣቱ ወጥነትም አጠያያቂ ነበር። በዚያው ጁላይ 31 ቀን በካርዲፍ የጃፓን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ከደቡብ አፍሪካ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ። አሠልጣኙ ኖሪዮ ሳሳኪ ቡድናቸው ወደ ግላስጎ እንዳይጓዝ ብለው ተጫዋቾቹ ጎል እንዳያስቆጥሩ መንገራቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ቅጣት አልተከተለም። ልዩነቱ፣ በእኔ እምነት፣ ከሥነ ምግባር ይልቅ ከመልክ የመጣ ነው። በእግር ኳስ ኳስን ወደ ኋላ ማቀበል የተለመደ ስልት ስለሆነ ሕዝብ አይደነግጥበትም፤ በባድሜንተን የሰርቭ መረብ ላይ መንጠልጠል ግን የሚደበቅበት ጥግ የለውም።

በመጨረሻም ኦሊምፒኩ የቀጣው ራኬት የያዙትን ብቻ ነው። ሐሳቡን ማን አመጣው የሚለው ጥያቄ ለየአገሩ ተተወ፤ ኮሪያ አሠልጣኞቿን ስትነካ ሌላው ጋ በይቅርታ ታለፈ። ካምፑን ለሚያውቅ ሰው ይህ የጉዳዩ ደካማ ጎን ነው።

## ተጫዋቾቹ ከዚያ በኋላ

ከተሰረዙት ቻይናውያን አንዷ በ2008 የቤጂንግ የጥንድ ወርቅ ባለቤት ነበረች። ከውሳኔው በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ለስፖርቱ ስንብት ጻፈች። ስንብቱ አልጸናም። በ2013 ከዚያችው አጣማሪዋ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2014 በኮፐንሃገን ፍጻሜ ደግሞ በቲያንና ዣኦ ተሸነፉ። በለንደን እንዳይሆን የተሸሸው ፍጥጫ ከሁለት ዓመት በኋላ በወግ ተካሄደ ማለት ነው፤ ለተመልካቹም የተሻለ ጨዋታ ሆነ።

በ2016 በሪዮ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ይህችው ቻይናዊት ከአዲስ አጣማሪ ጋር መጥታ በሩብ ፍጻሜ ያገኘቻት ከኢንዶኔዥያዎቹ የለንደን ተሰራዦች አንዷን ነበር፤ አሸነፈቻት። ለነሐስ ሜዳሊያ ደግሞ የጠበቀቻት ከኮሪያዎቹ አንዷ ናት፤ ያቺው በዌምብሊ ከመረቡ ማዶ ቆማ የነበረችው። በዌምብሊ ሁለቱም መሸነፍ ፈልገው ነበር፤ በሪዮ ሁለቱም ሜዳሊያውን ፈለጉት። ኮሪያዎቹ 21 ለ 8 እና 21 ለ 17 አሸንፈው ነሐሱን ወሰዱ። የብር ሜዳሊያውን የወሰዱት ፔደርሰንና ሪተር ዩል ነበሩ፤ በ2012 ሳያውቁት የዶሚኖውን የመጀመሪያ ድንጋይ የገፉት።

ኢንዶኔዥያዊቷ ቀጠለች። ኦገስት 2 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ከአጣማሪዋ አፕሪያኒ ራሃዩ ጋር የቻይናዎቹን ቼን ቺንግቼንና ጂያ ይፋን 21 ለ 19 እና 21 ለ 15 አሸነፈች። በጨዋታው መሀል የራኬቷ ክር ተበጥሶባት ቅብብሉ ሳይቋረጥ ወደ ሜዳው ዳር ሮጣ ሌላ ራኬት ይዛ ተመልሳለች። ለኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው የሴቶች ጥንድ የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ዕድሜዋ 34 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ይህን የጻፍኩት ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። ስምንቱ ሰነፎች ወይም ለስፖርቱ ግድ የሌላቸው ነበሩ የሚለውን አስተያየት ግን የኋላ ሥራቸው አይደግፈውም። ደንቡ ማሸነፍን ሲሸልም እስከ መጨረሻው የሚታገሉ ሰዎች ነበሩ።

## ለሌሎች ውድድሮች የሚጠቅመው

ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ድልድሉን ከማጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ ማቅረብ አለበት፦ በየትኛውም ውጤት ላይ መሸነፍ የሚያዋጣው ተወዳዳሪ ሊኖር ይችላል? ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ሥራ ነው። ለለንደን ቢሠራ ኖሮ መልሱ ወዲያው ይገኝ ነበር፤ አንድ አገር ሁለት ጥንድ እስካላት፣ ከምድብ ሁለት እስካለፉ፣ ካርታውም አስቀድሞ እስከታወቀ ድረስ፣ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከሦስቱ አንዱን ማውጣት ይበቃል። ፌዴሬሽኑ ሦስተኛውን አወጣ፤ በነጠላው ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚያቀርበው መፍትሔ የመጨረሻ የምድብ ጨዋታዎችን በአንድ ሰዓት ማድረግ ነው። ይረዳል፤ የኮሪያና የኢንዶኔዥያን ጨዋታ ሊያድን ይችል ነበር፤ የዓለም አንደኛዋ የት እንደምትወድቅ ሳያውቁ ይጀምሩ ነበርና። ለቻይናዎቹም የዴንማርኮች ጨዋታ በዚያው ሰዓት ቢደረግ ኖሮ ስሌቱ አስቀድሞ በእጃቸው አይገባም ነበር። ሰዓት ማመሳሰል ግን የዕጣውን ሥራ አይተካም።

ለአሠልጣኞች የሚቀረው ትምህርት ይበልጥ መራራ ነው። የቻይና ቡድን ሊያድን የሞከረው በግማሽ ፍጻሜ ሊያጣው የሚችለውን አንድ የፍጻሜ ቦታ ነበር፤ ያ ቦታ ለማንኛዋም ጥንድ ገና አልተረጋገጠም። ለዚያ ሲባል የዓለም አንደኛዋን ጥንድ በሩብ ፍጻሜ ዋዜማ አጣ። በእጅ ያለውን የነሐስ ዕድል ለሰማይ ላይ ብር የሚቀይር ስሌት በሥነ ምግባር ሚዛን ባይመዘን እንኳ በሒሳብ ሚዛን ያንሳል።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። አስቀድማ ያለፈች ጥንድ በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ጉልበቷን ብትቆጥብ ጥፋት ነው? ሯጭ በማጣሪያ ዙር የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ዞር ዞር እያለ ሲጨርስ ማንም አይከሰውም፤ ዋናተኛም እንዲሁ። ቻይናዊቷ «ጉልበት ለመቆጠብ ነው» ስትል የጠቀሰችው ይህን የተለመደ ልማድ ነው። ልዩነቱ ሯጩ ዝግ ቢልም ከኋላው ያለው ቢደርስበት እግሩን ያነሣል፤ በዌምብሊ ግን ተጋጣሚ ነጥብ ሲያጠፋ እነርሱም ለማጥፋት ተጣደፉ። በ2012 የተጠቀሰው «ሙሉ ጥረት» የሚለው አንቀጽ ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ የምታርፈውንም የምትለቀውንም በአንድ ቃል ይከሳል። አዲሱ ዕጣ የመልቀቅን ጥቅም አስቀርቷል፤ የማረፍን ጥቅም ግን አልነካም፤ በሪዮም ሆነ ከዚያ ወዲህ ማለፏን ያረጋገጠች ጥንድ እግሯን ለማሳረፍ አሁንም በቂ ምክንያት አላት።